ሱማን የማንን ጡት ጠባች

ሳሪ ፑል፣ የካቲት 3 ቀን

ለወንድሜ ለኢዲበክ ሚስት፣ ለምወድሽ ያንጋዬ ሞህሩ፤ አሰላሙ አለይኩም።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ እሳት ውስጥ ከተትኩት። አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ጥፋት ይሁን አይሁን አላውቅም። መጀመሪያ ሰላምታውን ልጨርስና እነግርሻለሁ።

አላህ አንቺንም ወንድሜንም ከዚያ አገር ብርድ ይጠብቃችሁ። አባቴ ደህና ናቸው። የንብ ቀፎዎቻቸውን በገለባ ጠቅልለው ጸደይን ይጠብቃሉ። እናቴም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። የከብቶቹ ቤት ጣራ በበረዶው ክብደት ስለወደቀ፣ ለቆርቆሮ የሚሆን ነገር ከጸደይ በፊት እንድትልኩ ጻፊ ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ያለው ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው። አንቺ ስትደውዪ እናቴ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ባለሱቁም ሚዛኑን ትቶ ያዳምጣል። እኔ ደግሞ ሰው ባለበት ድምፄ አይወጣም። ታውቂኛለሽ።

የሆነው እንዲህ ነው። መንገዱ በበረዶ ናዳ ተዘጋ። በአምስተኛው ቀን እኛ ዘንድ የተውሻት የልጅሽ የሱማን የመጨረሻው የዱቄት ወተት ጣሳ አለቀ። የፍየሏን ወተት ብንሰጣት ሆዷ ተነፋ። እናቴ ዳቦ በስኳር ሻይ አርሳ፣ በጨርቅ ቋጥራ እንድትጠባው አደረገች። “አንቺም ወንድምሽም በዚህ ነው ያደጋችሁት” አለችኝ። ሱማን ሁለት ቀን ያንን ጨርቅ ስትጠባ ዋለች፣ ስታለቅስ አደረች። በሦስተኛው ቀን ማልቀሷን ተወች። ያስፈራኝ ልቅሶው አልነበረም፤ መተዋ ነው።

ስለዚህ ጠቅልዬ ይዣት ወንዙን በግንዱ ተሻገርኩና ቦዞርጉል ዘንድ ሄድኩ። የሃጂ ቁርቦንን ምራት ማለቴ ነው፣ ካንቺ ሁለት ሳምንት ቀድማ ዳቭሮንን የወለደችውን። እሷ፣ ታባሩክና ኡግሉን፣ ሦስቱም እመጫቶች፣ ጠዋት ጠዋት ከወፍጮው ጀርባ ባለው የጋራ ዳቦ ምድጃ ይሰበሰባሉ። ባሎቻቸው እንደ ወንድሜ እዚያው ሩሲያ ናቸው። አንዷ ስትጋግር አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ የቀረችው ሦስቱንም የሕፃን አልጋዎች በሁለት እጅና በአንድ እግር ትወዘውዛለች። እኔ ያላገባሁ ልጅ ስለሆንኩ በር ላይ ቆምኩ። ታባሩክ አየችኝና፣ “ኑ ጉድ እዩ፣ ሳትወልድ አራስ የሆነች መጣችላችሁ” አለች። ሳቁብኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩላቸው። ሳቁ ቆመ።

ቦዞርጉል አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። ልጇን ከአንድ ጡቷ አላቅቃ ለኡግሉን ሰጠችና ቢስሚላህ ብላ ሱማንን ተቀበለች። ሱማን አንገቷ እስኪያልባት ጠባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት እወስዳታለሁ። እናቴ አየር ላስነፍሳት የማወጣት ይመስላታል። የቦዞርጉል አማትም አያውቁም። የምናውቀው እኔና ሦስቱ ሴቶች ነን፤ አሁን ደግሞ አንቺ።

ጥፋት ከሆነ ንገሪኝ። ቁመቷን በቀይ ክር ለክቼ ከወረቀቱ ጋር አጥፌልሻለሁ። ቋጠሮው ያለበት በጭንቅላቷ በኩል ነው።

ሳቭሪኒሶ

*

የካተሪንቡርግ፣ የካቲት 26 ቀን

ለሳቭሪ፣ ለባሌ ታናሽ እህት። ሰላምታዬ ለአባታችን፣ ለእናታችን፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ይድረስ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ይለስናል፣ እኔ የሠራተኞች ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ክሩን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ማንን ጠይቀሽ ነው?

እዚህ ከመጣሁ በኋላ አርባ ቀን ሙሉ ጡቴ እየሞላ ሸሚዜን ያርሰው ነበር። በእረፍት ሰዓት ማጠቢያው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ አልበው ነበር። የልጄን ወተት የሰው አገር ቱቦ ጠጥቶት እሷ ዳቦ በጨርቅ ትጠባለች፣ አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ “አንገቷ እስኪያልባት” ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ያቺን አንዲት መስመር ብትተያት ምን ነበረበት? አምስት ጊዜ አነበብኳት።

ጡት ደግሞ እንደ እርሾ ከጎረቤት ተበድረው የሚመልሱት ነገር አይደለም። አንድ ጉንጭ ብትሆን ታዛምዳለች። ከእንግዲህ ዳቭሮን የሱማን ወንድም ነው። ቦዞርጉል ወደፊት የምትወልዳቸውም ሁሉ እንደዚያው። ይህ በሰው ፊት የሚነገር፣ ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር ነው እንጂ በብርድ ልብስ ሸፍነው የሚያመላልሱት ነገር ነው? ልጆቹ አድገው አንድ ቀን ቢፈላለጉ ማን ይነግራቸዋል? አንቺ ነሽ፣ ድምፅሽ የማይወጣው?

መንገዱ ተከፍቷል ስላሉኝ በባቡር ለሚመጣ ሰው አራት ጣሳ ሰጥቻለሁ። ሲደርስሽ ወደ ምድጃው መሄዱን አቁሚ።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። አልቀደውም፣ ተናድጃለሁ። ግን ባንቺ ይሁን፣ በእናታችን ጨርቅ ይሁን፣ በራሴ ይሁን ለይቼ አላወቅሁትም። ጥርስ አውጥታለች? በየትኛው ጎኗ ነው የምትተኛው? ሌላ ክር ላኪልኝ።

ለእናታችን ቆርቆሮውን ከበጋ በፊት እንደማንችል ንገሪያቸው።

ሞህሩ

*

ሳሪ ፑል፣ መጋቢት 16 ቀን

ለያንጋ ሞህሩ። የኖውሩዝ በዓል በጤና እንዳለፈላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በጤና አሳልፈነዋል ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ተቆጥተሽኛል። እውነትሽን ነው። ጣሳዎቹ ደርሰው አንድ ቀን ሙሉ ወደ ምድጃው ሳልሄድ ቀረሁ። ሱማን የጡጦውን ጫፍ በምላሷ እየገፋች ተፋችው። በማግስቱ ሄድኩ። ከታች ሁለት ጥርስ አውጥታለች። በቀኝ ጎኗ ነው የምትተኛው።

እናቴ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፦ “ስለ ቆርቆሮው አትጨነቁ፣ ተገኝቷል።”

ከየት እንደተገኘ ልንገርሽ። በኖውሩዝ ማግስት ሃጂ ቁርቦንና ሚስታቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዘው መጡ። የበዓል ጥየቃ መስሎኝ ሻይ ላቀርብ ገባሁ። ሰፌዱ ሲገለጥ የመተጫጫ ዳቦ ነው። ቦዞርጉል ዳቭሮንን ታቅፋ በሩ ስር ቆማለች። ሃጂ ጢማቸውን እያሻሹ፣ “ወንዙ ለሁለት ይከፍለናል እንጂ እኛስ አንድ ጓሮ ነበርን። ልጃችሁ ለልጃችን ትሁን” አሉ።

እናቴ አልደነገጠችም። ቀድሞ የተነጋገሩበት ነገር ነበር። ሁለቱን ሕፃናት ጎን ለጎን አስጠጓቸው፣ የሁለቱንም ሸሚዝ ጫፍ ቀደዱ፣ ዳቦውን ቆረሱት። እናቴ፣ “አላህ በረከት ያድርግላቸው” አለች። አባቴ የደረሳቸውን ቁራሽ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። አልጎረሱትም፣ አልመለሱትምም።

እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድምና እህት ናቸው ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ቦዞርጉልን አየኋት፤ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላ ሰው በማያየው መጠን ራሷን ነቀነቀችልኝ። አትናገሪ ማለቷ ነው። ይህን ጊዜ ሱማን ቦዞርጉልን አየችና ሁለት እጇን ዘርግታ አፏን እንደ አሣ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። የሃጂ ሚስት ግን እንባቸው እስኪፈስ ስቀው፣ “እዩዋት፣ ከአሁኑ አማቷን ወደደች” አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሻዩን ቀዳሁና ወጣሁ።

በማግስቱ የሃጂ ትራክተር ቆርቆሮውን አምጥቶ በራችን ላይ አራገፈው።

ወደ ምድጃው ስሄድ ቦዞርጉል እጄን ያዘችኝ። አማቴ ቢሰሙ፣ የልጅ ልጄን ወተት በስርቆት ለሰው ሰጠች ብለው ወደ አባቴ ቤት ይመልሱኛል፣ ዳቭሮንን ግን አይሰጡኝም አለች። ስትናገር ሱማን ጡቷ ላይ ነበረች። ታባሩክ፣ “ሃያ ዓመት አለ እኮ፣ እስከዚያ ሃጂም ይሞታሉ፣ ዳቦውም ይረሳል” አለች። ኡግሉን ሊጡን እየደበደበች፣ “ካልሞቱስ? ሠርጉን እንዲህ ቁጭ ብለን እያየን እናጨብጭብ?” አለቻት።

ያንጋ፣ እኔ መናደድ የማልችል ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲጮህብኝ አንገቴን እደፋለሁ፣ ያልፋል። አሁን ግን አላልፍ አለኝ። ስተኛም ጥርሴን ነክሼ ነው። ልጅቷ ስትራብ አንድም ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ልትሰጥ ሲሆን ሁሉም ተሰበሰበ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ ኢዲበክ ያውቃል አለች። እሱ ካወቀ አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ አሰብኩ። ታውቂ ነበር? ታውቂ ከነበረ ለምን ያን ሁሉ ስለ ጡት ጻፍሽልኝ?

ክሩ ካለፈው በሁለት ጣት ይበልጣል።

ሳቭሪኒሶ

*

የካተሪንቡርግ፣ ሚያዝያ 22 ቀን

ሳቭሪ፣ ዛሬ ሰላምታ የለኝም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጨረሻ ላይ ካስታወስኩ እጨምራለሁ። ደብዳቤሽ በሰው ኪስ አንድ ወር ያህል ዞሮ ትናንት ነው የደረሰኝ።

አላውቅም ነበር።

ለኖውሩዝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድምሽ ማደሪያችን ኮሪደር ላይ ስልክ ሲያወራ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካልሲውን እጠቅም ነበር። “ሰዎቹ ጥሩ ከሆኑ እሺ፣ እናንተ እንዳያችሁት” ሲል ሰማሁ። የከብት ነገር መሰለኝ። ሲጨርስ፣ “የትኛዋን ጊደር ነው?” አልኩት። “ያቺን ትንሿን” አለኝ። ዓይኔን እያየ፣ ሳቭሪ። ካልሲውን ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ተጫማው።

ትናንት ደብዳቤሽን ፊቱ አስቀምጬ “ጊደሯ ይቺ ናት?” አልኩት። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ገና ሃያ ዓመት አለ፣ ምን ያስቸኩልሻል አለኝ። እኔን ምንም አላስቸኮለኝም አልኩት፤ የቸኮላችሁት ጣራ የሚያፈስባችሁ ናችሁ። ልጄን ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ለከብት ቤት ክዳን እንድትሆን ነው? ላም እንኳ ስትሸጥ እናቲቱ በረት ውስጥ እያለች ነው፣ ድምጿን ታሰማለች። እኔ አራት ቀን በባቡር የሚያስኬድ መንገድ ላይ ነኝና እንደሞተች እናት ተቆጠርኩ። ወንድምሽ ልብሱን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ክፍል ሄዷል። ይሂድ።

ስለዚያ ጡት ለምን ጻፍሽልኝ ብዬ የተሳደብኩት እኔው ነኝ። ስድቤን መልሽልኝ፣ እኔ ልብላው። እኔ ያጣሁት ወተት ልጄን ከሞት አላዳናትም፤ የቦዞርጉል ግን ከሞትም አዳናት፣ ከዚያ ሰፌድም ያድናታል። አባቷ ሳይቆምላት አንድ ጉንጭ ወተት ቆመላት። ግን ወተት አፍ የለውም። ሰው መናገር አለበት።

ለቦዞርጉል ፈርቻለሁ። ልጇን ነጥቀው ሲያባርሯት የኔ ልጅ ልትተርፍ አልፈልግም። ስለዚህ ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አድርጌያለሁ። “እኔ ሞህሩ ስሄድ፣ ልጄ ብትራብ እንድታጠባልኝ ቦዞርጉልን በአላህ ስም አደራ ብያታለሁ፣ እምቢ ስትለኝም አልቅሼ ለምኛታለሁ” ይላል። ውሸት ነው። ውሸቱን እኔ እሸከመዋለሁ፣ እዚህ ከምሸከመው አይከብድም። አውጥተሽ አስነብቢላት።

ዝም ካልሽም አልቀየምሽም። ልጅ ነሽ። ግን እዚያ ማዶ ለልጄ ከአንቺ በቀር ሰው የለኝም።

ሰላምታውን አስታወስኩት። ለአባታችን ሰላም በያቸው። ዳቦውን ጎረሱት ወይስ አልጎረሱትም?

ሞህሩ

*

ሳሪ ፑል፣ ግንቦት 13 ቀን

ለያንጋ ሞህሩ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሱማን ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን እንድታነቢ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን የተቀበልኩት ትናንት ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ምድጃው ሄድኩና ለቦዞርጉል አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ፣ “ሞህሩ እንዲህ ብላኛለች እንዴ?” አለች። አላለችሽም አልኳት። “አውቃለሁ። ብትለኝ ኖሮ ግን እምቢ አልላትም ነበር። እምቢ ስትለኝ ለመንኳት የሚለውን አጥፊው” አለች። ታባሩክ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኛም ሳቅን፣ ቦዞርጉል ግን እያለቀሰች ነበር።

ከዚያ ኡግሉን ሊጡን ትታ እጇን ጠረገች። አምና ጡቷ አብጦ አሥራ ሁለት ቀን ስትታመም ልጇን ያጠባችላት ማን እንደሆነች ጠየቀችን። ታባሩክ ናት። የታባሩክን ደግሞ፣ ለቅሶ የሄደች ቀን፣ ቦዞርጉል። በዚህ ምድጃ ዙሪያ ወንድምና እህት ያልሆነ ልጅ የለም ማለት ነው፤ አማቶቻቸው አንዱንም አያውቁም። ታባሩክ ጣቷን እየቆጠረች፣ “በሉ፣ ከዚህ መንደር ልጆቻችንን የሚያገባ ጠፋ፣ ሩቅ አገር መሄዳችን ነው” አለች። ቀልዷን ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። “አንዷ ብቻዋን ከተናገረች ሌባ ናት። ሁላችንም ከተናገርን ማንን ያባርራሉ? ዳቦውን ማን ይጋግርላቸዋል?” አለች።

ነገ ዓርብ ነው። ሴቶቹን ጸሎት የሚመሩት ቢቢ ኻሊፋ ሃጂ ቁርቦን ቤት ይመጣሉ፣ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። የጡት ዝምድና ሲነሳ የእሳቸውን ቃል ሃጂም አያልፉም። ሦስቱም ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። መጀመሪያ ግን እኔ እንድናገር ነው የተስማሙት፣ ወስጄ ያስጠባኋት እኔ ነኝና።

ወረቀትሽን አላወጣውም። አትቀየሚኝ። ቦዞርጉል ላይ ከበረቱባት ብቻ እንጂ በውሸት መጀመር አልፈልግም። ሱማን ተርባ ነበር፣ እኔ ወሰድኳት፣ እሷ አጠባቻት። ይህን ማለት ያሳፍራል ብዬ ከሦስት ወር በላይ ተሸማቀቅሁ። አሁን ሳስበው ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።

ስለ አባቴ ጠይቀሽ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ቀፎዎቹ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳይገርማቸው ሰሙኝ። “ክረምቱን ሙሉ ግንዱን ስትሻገሪ አይሽ ነበር። ስትሄዱ ታለቅሳለች፣ ስትመለሱ ተኝታለች። አየር ሰውን እንደዚያ አያጠግብም” አሉኝ።

ያኔ እኔ ነኝ ብዬ የማላምነውን ነገር ተናገርኩ። “ካወቁ ዳቦው ሲቆረስ ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኳቸው፣ ያንጋ። ንቦቹ ሁሉ የሰሙኝ መሰለኝ።

አባቴ ከኪሳቸው የደረቀ የዳቦ ቁራሽ አውጥተው አሳዩኝ። አልጎረሱትም። “ዳቦ ስለሆነ መጣል አልቻልኩም፣ ይህን ደግሞ መብላት አልቻልኩም። እንዲሁ ተሸክሜው እዞራለሁ። አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?” አሉኝ።

ቁራሹን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ መዶሻቸውን ይዘው ከብት ቤቱ ጣራ ላይ ወጡ። ይህን ስጽፍልሽ የቆርቆሮውን ምስማር እየነቀሉ ነው፤ እስከዚህ ይሰማኛል። የተነቀለውን ምስማር እያቃኑ በባዶው የወተት ጣሳ ውስጥ ይጥሉታል። እናቴ ከታች ቆማ፣ ሰው ምን ይላል፣ ዝናቡስ ሲመጣ ትላለች። “ላሞቹ ዝናብ ያውቃሉ” አሏት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ “ይህ ያንቺ ሥራ ነው” አለች። አዎ አልኳት። ሱማንን ታቅፌ ነበር፤ እናቴ ዘንበል ብላ የተቀደደውን የሸሚዟን ጫፍ ነካችውና ወደ ቤት ገባች። ምን እንዳሰበች አላወቅሁም። ትናገር ይሆናል፣ ነገ ከእኛ ጋር ትሻገር ይሆናል፣ ላትሻገርም ትችላለች።

በረዶው ስለቀለጠ ወንዙ ሞልቷል፣ ግንዱንም ትናንት ማታ ወስዶታል። አባቴ ረጅሙን ቦት ጫማቸውን በር ላይ አስቀምጠውልኛል። እሳቸው ቆርቆሮውን በአህያ ጭነው ከኋላዬ ይመጣሉ።

ነገ እንግዶቹ ሲቀመጡ ማንቆርቆሪያውን እንድይዝ ይሰጡኛል፣ ሁልጊዜ ለኔ ነው የሚሰጡት። አልቀበልም። ሱማንን ታቅፌ ቢቢ ኻሊፋ ፊት እቆማለሁ፣ ሻዩም ሳይቀዳ እናገራለሁ። አንዴ ከተቀዳ ዝም እንደምል አውቃለሁ።

ሳቭሪኒሶ